መርከቡን በገዛ እጁ ያሰጠመው ካፒቴን፦ ሃንስ ላንግስዶርፍ ፈሪ ነበር?

ናሆም_ሰባራባቡር · ዓርብ ማታ 4፡10

ሰላም ቤተሰብ። እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ የድሮ ፎቶ የማገላበጥ አመል አለብኝ። ትናንት ሌሊት አንዱ ላይ ተቸክዬ ቀረሁ። ቦታው ሞንቴቪዲዮ፣ ኡራጓይ ነው። ቀኑ ዲሴምበር 15፣ 1939። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። በእኛ ታኅሣሥ 1932 መሆኑ ነው፤ ጣሊያን አገራችን ውስጥ፣ አርበኛው ዱር የነበረበት ጊዜ።) ፎቶው የመርከበኞች ቀብር ነው። ዙሪያውን የቆሙት ክንዳቸውን ዘርግተው የናዚ ሰላምታ ይሰጣሉ። አንድ መኮንን ግን እጁን ቆቡ ጫፍ ላይ አድርጎ የቆየውን የባሕር ኃይል ሰላምታ ይሰጣል። ይህ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ራሱን ገደለ።

ካፒቴን ሃንስ ላንግስዶርፍ ይባላል። በ1894 ሩገን በምትባል የባልቲክ ደሴት ተወለደ። ገና ትንሽ ልጅ እያለ ቤተሰቡ ወደ ዱሰልዶርፍ መጣ። እዚያ ጎረቤታቸው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የግራፍ ፎን ሽፔ ቤተሰብ። ሽፔ ማለት በኋላ ስመ ጥር አድሚራል ሆኖ፣ በ1914 ከሁለት ወንዶች ልጆቹ ጋር ፎክላንድ ደሴቶች አጠገብ ሰጥሞ የቀረው ነው። ላንግስዶርፍ ባሕር ኃይል ካልገባሁ ብሎ ድርቅ ሲል ወላጆቹ አልወደዱለትም። እሱ ግን በ1912 ኪል ሄዶ ተመዘገበ።

በ1916 ጁትላንድ በተባለው ትልቅ የባሕር ውጊያ ላይ ተዋጋ፣ የብረት መስቀል ኒሻን አገኘ። ከዚያ ፈንጂ ጠራጊ መርከቦች ላይ ሠራ። በሰላሙ ዘመን ግን ብዙውን ጊዜ የቢሮ ሰው ነበር። በርሊን፣ ጠረጴዛ፣ ፋይል። በ1938 መገባደጃ ላይ አንዲት ትልቅ መርከብ አስረከቡት። ስሟ አድሚራል ግራፍ ሽፔ። የጎረቤቱ ስም!

መርከቧ ስድስት ባለ 28 ሴንቲሜትር መድፍ ነበራት። የተሠራችበት ስሌት ቀላል ነው፦ የሚችላት አይደርስባትም፣ የሚደርስባት አይችላትም። ጦርነቱ ሳይታወጅ፣ ኦገስት 21 ቀን 1939 ከቪልሄልምስሃፈን ወደብ ሹልክ ብላ ወጣች። ሥራዋ የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ማደን ነው። ከሴፕቴምበር 30 እስከ ዲሴምበር 7 ድረስ ዘጠኝ መርከብ አሰጠመች፣ 50 ሺህ ቶን ያህል። አሁን ልብ በሉልኝ። በዘጠኙም ላይ አንድ መርከበኛ አልሞተም። መጀመሪያ ሰዉን ያወጣል፣ ከዚያ መርከቧን ያሰጥማል። የማረካቸውን ካፒቴኖች ደግሞ በእንግሊዝኛ ያጫውታቸው ነበር።

ዲሴምበር 13 ንጋት ላይ ሦስት የእንግሊዝ ክሩዘሮች (ፈጣን የጦር መርከቦች) ገጠሙት። ኤክሰተር፣ ኤጃክስ እና አኪሊስ። (አኪሊስ የኒውዚላንድ ልጆች የሚያንቀሳቅሷት ናት።) ውጊያው አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ፈጀ። በእንግሊዝ ወገን 72 ሰው ሞተ፣ በእሱ 36። እሱም ቆሰለ፣ አንድ ጊዜ ራሱን ስቶ ወደቀ። ከዚያ ሞንቴቪዲዮ ወደብ ገባ። ኡራጓይ ገለልተኛ አገር ናትና 72 ሰዓት ሰጠችው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል መርከቧን ከወደቡ አወጣትና፣ የከተማው ሕዝብ ዳር ቆሞ እያየ፣ አፈነዳት። ሠራተኞቹ ከሺህ በላይ ናቸው፣ ወደ አርጀንቲና አሻገራቸው። ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊት ቦነስ አይረስ ውስጥ የመርከቧን ሰንደቅ አንጥፎ ራሱን ገደለ። 45 ዓመቱ ነበር።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። መድፉ ይተኩሳል፣ ሞተሩ ይሠራል፣ ሰዉም አለ። ሳይዋጋ አሰጠማት። እናንተ ምን ትሉታላችሁ?

ቡናዬን_ልጠጣበት · ዓርብ ማታ 4፡31

ናዚ ናዚ ነው። ምኑ ያከራክራል? ክሩ ይዘጋልኝ።

ጎንደሬው · ዓርብ ማታ 4፡52

ይሄን ታሪክ ሳነብ መቅደላ ናት ትዝ ያለችኝ። አፄ ቴዎድሮስ ምን አደረጉ? መጀመሪያ የያዟቸውን ፈረንጆች ሳይነኩ ለቀቁ። ከዚያ ለተከታዮቻቸው ነፍሳችሁን አድኑ አሉ። መጨረሻ ላይ ለራሳቸው ሽጉጣቸውን መረጡ። ምርኮኛ፣ ወታደር፣ ራስ። ቅደም ተከተሉ እንኳ አንድ ነው። ቴዎድሮስን ፈሪ የሚል አበሻ አሳዩኝ።

ሄለን_ካዛንቺስ · ዓርብ ማታ 5፡20

ጎንደሬው፣ ወንድሜ፣ ረጋ በል። ቴዎድሮስ አገራቸው ላይ የመጣ ጦር ነው የገጠማቸው። ላንግስዶርፍ ብራዚል ዳርቻና ሞዛምቢክ አጠገብ የሰው ጭነት መርከብ ሲያድን የነበረ ሰው ነው። ልዩነት አለው።

ቡናዬን ልጠጣበት ግን እንዲሁ አትዝጋው፣ ነገሩ ደስ ይላል። እኔ የምፈልገው ሰውየውን ማር ቀብተን እንዳንውጠው ነው። ሦስት ነገር ላንሳ።

ሰላምታው። ፎቶው በየቦታው የሚዞረው "ሂትለርን ፊት ለፊት የናቀ መኮንን" እየተባለ ነው። ግን በጀርመን ጦር ውስጥ የድሮው ወታደራዊ ሰላምታ እስከ ጁላይ 1944 ድረስ የተፈቀደ ነበር። የናዚው ሰላምታ ለጦሩ ግዴታ የሆነው ያኔ፣ ሂትለርን ሊገድሉት ሞክረው ከከሸፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ላንግስዶርፍ ያደረገው የደንቡን ነው። ዙሪያው የነበሩት ሌላውን ሲመርጡ እሱ ይሄን መምረጡ የሆነ ነገር ይናገራል፣ አልክድም። አመፅ ግን አይደለም።

ደብዳቤው። ከመሞቱ በፊት ቦነስ አይረስ ላለው የጀርመን አምባሳደር ጽፏል። ክብር የሚያውቅ ካፒቴን ዕጣው ከመርከቡ ዕጣ አይለይም፣ ኃላፊነቱ የእኔ ብቻ ነው ይላል። ሁሉም ሰው እዚህ ድረስ ይጠቅሳል። መጨረሻው ላይ ግን በአገሩና በፉህረሩ ላይ ያለውን ጽኑ እምነት ይገልጻል። ይቺን መስመር ለምን ታስቀሯታላችሁ?

ምርኮኞቹ። ካፒቴኖቹ ግራፍ ሽፔ ላይ በደህና ተይዘዋል፣ እውነት ነው። አብዛኞቹ ተራ መርከበኞች ግን የተወሰዱት አልትማርክ ወደምትባለው ነዳጅ አቀባይ መርከብ ነው። ወደ 300 ሰው መጋዘን ውስጥ ታጉሮ ወራት ቆየ። ነፃ የወጡት ፌብሩዋሪ 1940 ላይ፣ የእንግሊዟ ኮሳክ ኖርዌይ ፊዮርድ ውስጥ አልትማርክ ላይ ተጠግታ ሰው ካሳፈረችባት በኋላ ነው። እነሱ ስለ አያያዛቸው ያማረ ነገር አልተናገሩም።

ይሄን ሁሉ ብዬም ሰው ሳይገድል ዘጠኝ መርከብ ማሰጠሙን አከብራለሁ። እሱን አልነካበትም።

መካኒኩ · ቅዳሜ ጠዋት 1፡40

ደህና አደራችሁ። እኔ ስለ ፖለቲካው አላውቅም። ናሆም "ሞተሩ ይሠራል" ያልከው ላይ ግን ልግባ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚያ ነው።

ግራፍ ሽፔ በእንፋሎት አይደለም የምትሄደው። ስምንት የናፍጣ ሞተር አላት፣ ማን (MAN) የሚባለው ኩባንያ የሠራው። አዎ፣ ያው የከባድ መኪናው ማን። ለዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። ናፍጣ ረጅም መንገድ ያስኬዳል፣ ለአዳኝ መርከብ የሚመች ነው።

ግን ናፍጣ ሞተር ቆሻሻ ነዳጅ አይወድም። ጋራዥ የመጣ ሁሉ ያውቀዋል። ፊልትሮ ሳይቀየር የቀረ መኪና ዳገት ላይ ያቃስታል፣ ከዚያ ፖምፓው ይበላሻል፣ ከዚያ ባለቤቱ እኔ ላይ ይጮሃል። ያቺ መርከብ የምትይዘው ነዳጅ ወፍራም ነው። በእንፋሎት ተሞቆ፣ ተጣርቶ ነው ሞተር የሚገባው። በውጊያው ላይ የተመታው ይሄ ማጣሪያ ነው። ተጣርቶ የተዘጋጀው ነዳጅ ደግሞ ለጥቂት ሰዓት እንጂ ለአትላንቲክ አይሆንም። ወደ ጀርመን የሳምንታት መንገድ ነው።

ሌላም አለ። የባሕሩን ውሃ ጨው አውጥቶ ለመጠጥ የሚያደርገው መሣሪያ ተመቷል። ወጥ ቤቱ ተመቷል። ሺህ ሰው ምን ይብላ? አፍንጫዋ ላይ ትልቅ ቀዳዳ አለ፣ በዚያ ክረምት ሰሜን አትላንቲክ መግባት ማለት ውሃ መዋጥ ነው። ከመድፉ ጥይት ከግማሽ በላይ አልቋል። ከውጊያው ሁለት ቀን በፊት ደግሞ የያዘችው ትንሽ አውሮፕላን ሞተሯ ተሰንጥቆ ቆመ። ዓይኗ ጠፋ ማለት ነው። አውሮፕላኗ ብትኖር ኖሮ ሦስቱን ክሩዘሮች ከሩቅ ለይታ ትነግረው ነበር።

ስለዚህ "ደህና መርከብ አሰጠመ" አትበሉ። ጋራዥ ውስጥ ሞተሩ ቢነሳም መንገድ የማይወጣ መኪና አለ። ደንበኛው ግን "ይነሳል እኮ!" ይልሃል።

ናሆም_ሰባራባቡር · ቅዳሜ ጠዋት 2፡05

መካኒኩ ተባረክ። ይሄን ነገር እንዲህ ያስረዳኝ ሰው የለም።

ግን አንድ ነገር። አውሮፕላን ባይኖረውም ከሩቅ የመርከብ ምሰሶ አይቷል። ትእዛዙ ደግሞ ግልጽ ነበር፦ ከጦር መርከብ ጋር አትግጠም፣ ሽሽ። እሱ አንድ ክሩዘርና ሁለት ትንንሽ መርከቦች የንግድ መርከቦችን አጅበው የሚሄዱ መሰለው። ለዚህ ምክንያት ነበረው። መጨረሻ ካሰጠማት ስትሪዮንሻል ላይ ባገኘው ወረቀት ጭነት የሚያልፍበትን መንገድ አውቋል። እናም እየሮጠ ተጠጋ። መድፉ ከነሱ መድፍ አርቆ ይመታል፣ ያን ብልጫውን በገዛ እጁ ጣለው። ጥፋት ከተባለ ጥፋቱ ሞንቴቪዲዮ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው የሚመስለኝ።

ቡናዬን_ልጠጣበት · ቅዳሜ ጠዋት 3፡00

እሺ ተሸነፍኩ፣ ገባሁበት። እንግሊዞቹስ እንዴት አገኙት? ያ ሁሉ ውቅያኖስ ነው።

ናሆም_ሰባራባቡር · ቅዳሜ ጠዋት 3፡18

ኮሞዶር ሄንሪ ሃርውድ የሚባል ነው ያገኘው። እንዲሁ ቁጭ ብሎ በማሰብ። ዲሴምበር 2 ላይ ዶሪክ ስታር የተባለች መርከብ ከደቡብ አፍሪካ ወገን እየተመታች በራዲዮ ጮኸች። ሃርውድ አሰላ። ይሄ ሰው አሁን ቦታ ይቀይራል፣ ጠገብ ያለ ጭነት የሚገኘው ደግሞ በፕላታ ወንዝ አፍ ነው፣ በዚህ ፍጥነት ቢመጣ 13 ላይ እዚህ ይደርሳል። መርከቦቹን ሰብስቦ ጠበቀው። 13 ንጋት 12 ሰዓት ላይ ጭስ ታየ።

ኤክሰተር ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ገና በጠዋቱ አንድ ጥይት የፊተኛውን መድፍ መትቶ ማዘዣው ላይ የቆሙትን ሁሉ ማለት ይቻላል ጨረሰ። ካፒቴን ቤል ፊቱ ቆስሎ ተረፈ። መሪው ተበጥሷል፣ ስልኩ ሞቷል። ወደ ኋላ ሄደና ከነፍስ አድን ጀልባ ላይ የተነሳ ትንሽ ኮምፓስ ይዞ መርከቧን መራ። ትእዛዙ ወደ ታች የሚደርሰው ሰዎች ተደርድረው እየተቀባበሉ በጩኸት ነው። መድፎቹ አንድ በአንድ ዝም እስኪሉ ድረስ እንዲህ ቆየ። 61 ሰው ሞተበት። ላንግስዶርፍ ሊጨርሳት ይችል ነበር። አልጨረሳትም።

የቀይባሕር_ሰው · ቅዳሜ ከሰዓት 8፡45

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። እዚህ ቤት ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። በደርግ ጊዜ ባሕር ኃይል ነበርኩ፣ የሞተር ክፍል። ዛሬ ዝም ማለት አቃተኝ።

ስለ ወደቡ ላስረዳ። የጦርነት ሕግ ላይ ገለልተኛ ወደብ የገባ የጦር መርከብ በደንቡ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት አይችልም። ለባሕር የማያበቃ ጉዳት ካለበት ተጨማሪ ጊዜ ይሰጠዋል። የኡራጓይ ባለሙያዎች ወጥተው መረመሩና 72 ሰዓት ፈቀዱ። ለላንግስዶርፍ ይሄ አይበቃውም። ሌላ ደንብ ደግሞ አለ። የጠላት ንግድ መርከብ ከዚያ ወደብ ከወጣ፣ የጦር መርከቡ 24 ሰዓት ሳይሞላ ተከትሎ መውጣት አይችልም። እንግሊዞቹ በዚህ ተጫወቱበት። መጀመሪያ "አስወጡት! አስወጡት!" ብለው ጮሁ። ኋላ ሃርውድ ረዳት መርከብ እስኪመጣለት ይቆይልኝ ሲል ዘወር አሉና የንግድ መርከቦቻቸውን ተራ በተራ እያስወጡ በሕግ አሰሩት። እንዲህ ያለ ተንኮል መርከብ ላይ አይማሩትም፣ ቢሮ ነው።

ወሬውም አለ። ሁለት ትልልቅ የጦር መርከቦች ነዳጅ ሊሞሉ ነው ብለው ሆን ብለው በሚጠለፍ ስልክ አወሩ። ሪናውን እና አርክ ሮያል ደጅ ላይ ናቸው ተባለ። እንዲያውም የሽፔ የመድፍ አዛዥ ሪናውንን በዓይኔ አየሁ ብሎ ሪፖርት አደረገ። እነሱ ግን ያኔ ገና ብዙ ቀን የሚያስኬድ ባሕር ነበራቸው። የደረሰችው ኩምበርላንድ ብቻ ናት። ሰው የሚፈራውን ሲጠብቅ ያየዋል። እኔም ሌሊት ጥበቃ ላይ የሌለ መብራት አይቻለሁ።

ሌላው የወንዙ ነገር ነው። ፕላታ ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ጭቃ ነው። ወደ ቦነስ አይረስ ይሻገር የሚል ሐሳብ ነበር። ግን ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ የሚሳበው ከታች ነው። ጭቃ ከሳበ ሞተሩ ይግላል፣ ይቆማል። መሀል መንገድ ላይ ቆሞ መቀለጃ መሆን ነው። በርሊን ደግሞ ኡራጓይ ላይ እጅ እንዳትሰጥ ብላዋለች። ምን ቀረው? ወጥቶ ሺህ ልጅ ማስፈጀት፣ ወይ ማሰጠም።

አሁን የራሴን ልናገር። በግንቦት 1983 ዓ.ም ከአሰብ የወጣነው በጥበቃ ጀልባ ነው። የመን ደረስን። ተዋግተን አይደለም። አገር ውስጥ መንግሥት ወድቆ፣ የምንመለስበት ጠፍቶ ነው። ወደቡ ላይ አስጠግተን ሞተር አጥፉ ተባለ። አጠፋሁት። እናንተ ልጆች፣ የሞተር ክፍል ውስጥ ዓመታት የሠራ ሰው ያን ዝምታ ያውቀዋል። ጆሮህ ራሱ ይጮሃል። አለቃችን መሰላሉ ላይ ቆሞ ወደ ታች አየኝ፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ኋላ ላይ ብዙ ሰው "ለምን ለባዕድ ሰጣችኋት? ለምን አላሰጠማችኋትም?" ብሎናል። ቡና ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ሰው። ያኔ ጀልባዋ ላይ የነበረው ልጅ ሁሉ እናት ነበረው።

ስለዚህ ፈሪ ነው ወይ ለሚለው፣ እኔ አፌን አላላቅቅም።

ሄለን_ካዛንቺስ · ቅዳሜ ከሰዓት 9፡30

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሽፔ በኋላ የባሕር ኃይሉ አዛዥ ሬደር ትእዛዝ አወጣ። የጀርመን የጦር መርከብ እስከ መጨረሻው ጥይት፣ ከነሙሉ ሠራተኛው ይዋጋል፣ ወይ ያሸንፋል ወይ ሰንደቁን እንደሰቀለ ይሰጥማል የሚል። ሂትለርም በላንግስዶርፍ ተናዶ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ፣ ሜይ 1941፣ ቢስማርክ የተባለችው የጀርመን የጦር መርከብ በዚያው ትእዛዝ መንፈስ ተዋግታ ሰጠመች። ከ2,200 በላይ ሰው ነበራት። የተረፈው 115 ገደማ ነው። እና ያ "ሪናውንን አየሁ" ያለው የመድፍ አዛዥ፣ ፓውል አሸር? ከአርጀንቲና አምልጦ ጀርመን ገባ። ቢስማርክ ላይ ተመደበ። እዚያው ቀረ።

ጎንደሬው · ቅዳሜ ከሰዓት 9፡41

ኧረ ተይ! አንዱን መርከብ ካፒቴኑ አድኖት፣ በሌላኛው ሞተ?

ሄለን_ካዛንቺስ · ቅዳሜ ከሰዓት 9፡47

አዎ። የመርከቧ መንገድ መሪ መኮንን ቫተንበርግም አምልጦ ተመለሰ። የሰርጓጅ መርከብ አዛዥ ሆነ፣ ተማረከ፣ አሜሪካ አሪዞና ካምፕ ገባ። ዲሴምበር 1944 ላይ ከዚያም ዋሻ ቆፍረው 25 ሆነው አመለጡ። ኋላ ሁሉም ተያዙ። አልቀመጥ ያለ ሰው ነው። ብዙዎቹ ግን አርጀንቲና ውስጥ አግብተው፣ ወልደው ቀሩ። ኮርዶባ አውራጃ ቪያ ኸኔራል ቤልግራኖ የምትባል ከተማ አለች። ከሽፔ የተረፉት እዚያ ሰፍረዋል። ዛሬ በየዓመቱ የቢራ በዓሏ ነው የሚያስጠራት።

ሮቤል_ኦንታሪዮ · ቅዳሜ ሌሊት 6፡20

ሰላም ከካናዳ። ይሄን ክር ሳነብ ስልኬ ከእጄ ሊወድቅ ነበር፣ ምክንያቱም የምሠራው ኤጃክስ ነው። ከቶሮንቶ ምሥራቅ ያለችው ከተማ። ስሟ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። በጦርነቱ ጊዜ እዚህ የጥይት ፋብሪካ ነበር። በ1941 ፋብሪካው ዙሪያ ለበቀለው መንደር የሽፔን አሳዳጅ የኤጃክስን ስም ሰጡት። መንገዶቿ በሦስቱ መርከቦች ሠራተኞች ስም ተሰይመዋል። በየቀኑ ዕቃ የማደርሰው በነዚያ ስሞች ነው፣ አንዱም መርከበኛ መሆኑን አላውቅም!

አሁን የሚገርመው ይመጣል። የከተማው ሰዎች በኋላ ለላንግስዶርፍም መንገድ ሰጥተውት ነበር። ጠላት ቢሆንም ሰብአዊ ነበር ብለው። ግራፍ ሽፔ የሚባል ትንሽ መንገድም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ነዋሪዎች የናዚ መኮንን ስም አንፈልግም አሉ፣ ምክር ቤቱም ስሞቹ እንዲነሱ ወሰነ። ስለዚህ እናንተ እዚህ የምትከራከሩትን እነሱ ድምፅ ሰጥተውበታል።

ቡናዬን_ልጠጣበት · እሑድ ጠዋት 2፡10

አላልኩም? ናዚ ናዚ ነው ብዬ ነበር። ካናዳ ከእኔ ጋር ናት 😀

ናሆም_ሰባራባቡር · እሑድ ጠዋት 2፡50

ካናዳ ከሁለታችንም ጋር ነበረች፣ በተራ።

ኡራጓይም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟታል። በ2006 ከመርከቧ ኋላ ላይ የነበረውን ትልቅ የነሐስ ንስር ከጭቃው አወጡት። እግሩ ሥር የናዚ ምልክት አለ። ማን ይውሰደው፣ ይሸጥ ወይስ ይደበቅ በሚል ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ዓመታት ሄደ። መጨረሻ ላይ የመንግሥት ነው ተባለ። በ2023 ፕሬዚዳንቱ አቅልጠን የሰላም ርግብ እናድርገው አሉ። ሕዝቡ ጮኸ። ከሁለት ቀን በኋላ ሐሳባቸውን ቀየሩ።

እንግሊዞቹ ግን ንስሩን አልፈለጉትም። መርከቧ የሰጠመችው ጥልቀት በሌለው ቦታ ነውና የላይኛው ክፍሏ ውሃ ላይ ቀርቶ ነበር። ላይዋ ላይ ራዳር እንዳለ ገባቸው። በአንድ የሞንቴቪዲዮ መሐንዲስ በኩል ስብርባሪውን ገዙና ባለሙያ ልከው አዩት። መካኒኩ፣ ይሄ ደስ እንደሚልህ አውቃለሁ።

መካኒኩ · እሑድ ጠዋት 3፡15

በጣም! ያገለገለ ዕቃ ገዝቶ ፈቶ ማየት የኛ ሥራ ነው።

ለካፒቴኑ ግን አንድ ነገር አስቆጨኝ። ከሰኞ እስከ ዓርብ የኔን ጋራዥ ቢሰጡት ማጣሪያውን እንጠግንለት ነበር። ሦስት ቀን ለዚያ ሥራ ምንም ማለት አይደለም።

ጎንደሬው · እሑድ ጠዋት 4፡02

ቀብሩስ የት ነው?

ሄለን_ካዛንቺስ · እሑድ ጠዋት 4፡20

ቦነስ አይረስ፣ ቻካሪታ መካነ መቃብር፣ ጀርመኖች ክፍል። ማርኳቸው ከነበሩት የእንግሊዝ ካፒቴኖች አንዱ ቀብሩ ላይ ተገኝቷል። ሞንቴቪዲዮም ላይ ከመርከቡ ነፃ የወጡት እንግሊዞች ለሞቱት ጀርመኖች የአበባ ጉንጉን ልከው ነበር። ለእኔ ከሰላምታው ፎቶ ይልቅ የሚከብደኝ ይሄ ነው። መርከባቸውን ያሰጠመባቸው ሰዎች ናቸው።

ናሆም_ሰባራባቡር · እሑድ ጠዋት 4፡33

ጋሼ፣ አሁንም አሉ? ካላስቸገርኩ አንድ ነገር ልጠይቅ። ትልቋ መርከብ፣ "ኢትዮጵያ" የምትባለው፣ እሷስ ምን ሆነች?

የቀይባሕር_ሰው · እሑድ ከሰዓት 10፡05

አለሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን አሁን መጣሁ። እሷ የአሜሪካኖች መርከብ ነበረች፣ በጃንሆይ ጊዜ የመጣች። እሷም የመን ነው የሸሸችው። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ቆመች፣ ከዚያ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ሰው እንደኔ በእግሩ አገሩ ይመለሳል፣ መርከብ አትመለስም።

ናሆም_ሰባራባቡር · እሑድ ከሰዓት 10፡12

ከጀልባዋ ላይ ማስታወሻ የሚሆን ነገር ይዘው ወጡ?

የቀይባሕር_ሰው · እሑድ ከሰዓት 10፡26

ማስታወሻ ብዬ አይደለም። የሥራ ልብሴ ኪስ ውስጥ አንድ ቁልፍ ቀርቶ ነበር። ሰንዓ ስደርስ ነው ያየሁት።

መካኒኩ · እሑድ ከሰዓት 10፡28

ስንት ቁጥር ጋሼ?

የቀይባሕር_ሰው · እሑድ ከሰዓት 10፡40

19። አሁን ወጥ ቤት ነው ያለው። ባለቤቴ የጋዝ ሲሊንደሩን የምትፈታበት እሱ ነው።